የወንድም ጋሼ እንቅልፍ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት ወንድሜ፣ ካሉበት መተከል፤

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ከሙቀቱና ከወባው ጋር እንደምን ይዞዎታል? ያ ባለፈው ደብዳቤ ያነሡት የወገብ ሕመም ለቀቅ አደረገዎት ወይ? ባለቤትዎ ካሰችስ እንዴት ናት? ልጆቹስ አደጉ? የቆላው አየር ተስማማቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ከነቤተሰባችን አለን። ዘንድሮ በልጉ ሳይጨክን ዘንቦ ገብሱ ደህና ይዟል፤ ከአቀስታ በኩልም እህል መግባት ጀምሯል። ናፍቆትዎ ብቻ ነው የበረታብን።

ጽሑፌ ቢንጋደድብዎ አይሳቁብኝ። እስከ ዛሬ የላክሁልዎትን ደብዳቤ ሁሉ ያስጻፍኩት የጎረቤት ተማሪ እየለመንኩ ነበር። ይህንን ግን በሰው እጅ ማጻፍ ስላፈርኩ፣ በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኳትን ፊደል ይዤ እኔው ራሴ ተቀመጥኩ። ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ሁለት ወረቀት ቀድጄ ጥያለሁ፤ በሁለቱም ላይ ስለ ዝናቡና ስለ ገብሱ አሳምሬ እጽፍና ዋናው ነገር ጋ ስደርስ እጄ አልታዘዝ ይለኛል። እንግዲህ በዚህኛው አልሸሽም።

በ1976 የፍልሰታ ጾም፣ ቅዳሴ ላይ ቆመው ሳለ እንቅልፍ ጥሎዎት መስቀሉ ከእጅዎ የወደቀ ዕለት፣ ሽማግሌዎቹ ደጀ ሰላም ተሰብስበው እኔን ለብቻዬ እንደጠሩኝ ያስታውሳሉ። ምን እንዳልኩ ግን አያውቁም። እርስዎ እስከ ዛሬ የከሰሰዎት ገበዙ ንጉሡ ይመስልዎታል። እሳቸው አይደሉም። እኔ ነኝ።

ከምእመኑ ግማሹ «የሚጥል በሽታ ነው» ይል ነበር፤ ግማሹ ደግሞ «ቀምሰው ነው የገቡት» ይላል። ሽማግሌዎቹም፣ አንቺ እኅታቸው ነሽ፣ አንድ ቤት ነው የምትኖሩት፣ እውነቱ የቱ ነው ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም ማለት እችል ነበር። እውነቱም እሱ ነበር። ግን ያን ሰሞን የነተረፈ ቤት ለትልቋ ልጄ ለአልታየች ሽማግሌ ልከው፣ ከዘራችን በሽታ እንዳለ እንደሌለ ቤት ለቤት እያጠያየቁ ነበር። አጎቷን ይጥላቸዋል ከተባለ ልጄን ማን ያገባታል ብዬ ፈራሁ። መጠጥ የአንድ ሰው ነውር ነው፣ በሽታ ግን የዘር ነው ብዬ በልቤ አሰላሁና፣ «አንዳንድ ቀን ጠላ ይቀምሳሉ» አልኳቸው። «ቅዳሴ በሚገቡበት ዕለትም?» ሲሉኝ መሬት መሬቱን እያየሁ ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ መልስ ቆጥረው ጻፉት።

ጾም ገድፎ ቀደሰ የተባለ ቄስ ምን እንደሚሆን ጠፍቶኝ አልነበረም፤ እኔም የቄስ ልጅ ነኝ። ከአገልግሎት ታገዱ። ሰው ሰላምታዎን በሩቁ ይሸሽ ጀመር። በዓመቱ ለሰፈራ ሲመዘገቡ ሁሉም በድርቁ ነው አለ፤ እኔ ግን በምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ጭነት መኪናው ላይ ሲወጡ «ከእንግዲህ ወዲያ ቄስ አትበሉኝ» ሲሉ፣ ስንቅዎን ይዤ አጠገብዎ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ከረጢቱን ብቻ አቀበልኩዎት።

ይህንን ሁሉ ዛሬ እንድጽፍ ያደረገችኝ ታናሿ ልጄ እንቁ ናት። ሲሄዱ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሁን አሥራ አንድ ሞላት። ያችን የምታህል ልጅ እንደ ትልቅ ሰው ታንኮራፋ ጀመር። አፏን ከፍታ ትተኛለች፣ ትንፋሿ ቁርጥ ይላል፣ ከዚያ ከውኃ እንደወጣ ሰው ቃትታ ትነሣለች። በዚህ ዕድሜዋ አልጋ ላይ ትሸና ነበር። ትምህርት ቤትም እያንቀላፋች አስቸገረች፤ አስተማሪዋ አስጠርቶኝ ሰነፍ ናት ቢለኝ አምኜው ገረፍኳት። ቀጥሎ ደግሞ እንጥሏ ወርዶ ነው አሉኝና እንጥል ቆራጭ ዘንድ ወሰድኳት። እግሯን እኔ ይዤ፣ እጇን አባቷ ስማቸው ይዞ አስቆረጥናት። ደሙ እስከ ማታ አልቆም ብሎ የሰው ያለህ አልን። ማንኮራፋቱ ግን እንዳለ ነው።

ኋላ ጤና ጣቢያ ያለችው ድሬሰር ፈንታዬ የልጅቷን ጉሮሮ አይታ እኔን ያልሰደበችኝ ስድብ የለም። ወረቀት ጽፋ ደሴ ላከችን፣ ደሴዎች ደግሞ አዲስ አበባ። እዚያ የጉሮሮ ሐኪም ያበጠውን እጢዋን አወጣላት፤ ትንሽ ተሻላት። ከዚያ የቀረውን የሚያክማት የጥርስ ሐኪም ነው ብሎ ላከን። ለእንቅልፍ ወደ ጥርስ ሐኪም ሂዱ ሲሉኝ፣ የገጠር ሴት ነች ብለው የቀለዱብኝ መስሎኝ ነበር።

የጥርስ ሐኪሙ ሽበታም ፈረንጅ ነው፤ አሰጋሽ የምትባል ነርስ ታስተረጉምለታለች። የልጅቷ ላንቃ ከላይ ጠቦ፣ አገጯም ወደ ኋላ ገባ ብሎ፣ ምላሷ ስፍራ አጥቶ በተኛች ቁጥር የትንፋሿን መንገድ ይዘጋዋል አለኝ። ከላይኛው ጥርሷ ጋር የሚጣበቅ መሐሉ ብሎን ያለው ነገር አሠራላት። ለእኔም ከመርፌ እምብዛም የማትበልጥ ቁልፍ ሰጠኝና፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እንዳዞራት አሳየኝ። ወንድም ጋሼ፣ የገዛ ልጄን አፍ በቁልፍ ስከፍት ውዬ አደርኩ! በሁለት ሳምንት ውስጥ ላንቃዋ እየሰፋ ሄዶ የፊት ጥርሶቿ መሐል ፍንጭት ወጣላት። ሐኪሙ ቆይቶ ራሱ ይገጥማል ቢላትም፣ እሷ ግን ፍንጭቴን አትንኩብኝ እያለች ስትሟገተው ሳቁን መያዝ አቃተው።

ከዚያ ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረና ፊቴን በጎን በጎን አየው። በአሰጋሽም በኩል፣ ያንቺም አገጭ ወደ ኋላ ነው፤ ከቤተሰባችሁ በኃይል የሚያንኮራፋ፣ ቀን ቀን ቁጭ ባለበት እንቅልፍ የሚጥለው ትልቅ ሰው አለ ወይ ሲል ጠየቀኝ። ማንም የለም አልኩት። እዚያ አገር የሚያውቀኝ ሰው አልነበረም፤ የምድራት ልጅም አልነበረችኝ፤ እንዲያው አፌ መካድ ለምዶ ነው። ይኸው ሁለተኛ ካድኩዎት። እንቁ ግን በዚያ ብሎን በሞላው አፏ፣ «አጎቴ ላቀውስ? ሲተኙ እኮ እንደኔ ነበሩ» አለች። አሰጋሽ ልጅቷን ትታ እኔን አየችኝ። የማደርገው ቢጠፋኝ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩት።

ያን ዕለት ሁሉንም ነገርኳቸው። ሐኪሙ እንዲህ አለኝ፦ ይህ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲታነቅ ስለሚያድር ተኛ እንጂ አላረፈም፤ ቀን ቆሞ ቢያንቀላፋ ምን ይገርማል? መጠጥም አይደለም፣ የሚጥል በሽታም አይመስልም አለ። የትልቅ ሰው አጥንት ስለ ጠነከረ እንደ እንቁ አይሰፋም፤ ግን ጥርስዎን በሰም ለክቶ፣ ሲተኙ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት ይዞ የሚያቆይ ነገር ይሠራል። ማታ ያጠልቁታል፣ ጠዋት ያወልቁታል። በአገሩ እንዲህ ያለውን ሠርቶ ሰዎች እንደ ተሻላቸው ነገረኝ። እንዲሁ ቢተዉት ግን ለልብ ክፉ ነው አለ። ያን ጊዜ አባታችን ትዝ አሉኝ፤ እሳቸውም እንዲሁ ሲያንኮራፉ አምሽተው ጠዋት አልተነሡም። ካሰችም ባለፈው ደብዳቤ ስብሰባ ላይና እርሻ ላይ እያንቀላፉ የሥራ ነጥብ እንደሚቀነስብዎት ስታስጽፍ፣ እኔ አንብቤ አጥፌ አስቀምጬው ነበር።

አገሬ ስገባ አስቀድሜ ለአልታየች ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ «እኔን ለመዳር አጎቴን ከቤተ ክርስቲያን አስወጣሻቸው ማለት ነው?» አለችኝ። ልጇን አዝላ ወጣች፤ ሁለት ሳምንት ደጄን አልረገጠችም። ከዚያ አንድ ቀን መጥታ፣ ለባሏና ለአማቶቿ ራሷ እንደነገረቻቸው፣ እኔም በሰው ፊት ካልተናገርኩ ዳግመኛ ቤቷ እንዳልሄድ አስጠነቀቀችኝ። እኔ በእሷ ስም የፈራሁትን እሷ አልፈራችውም።

ባለፈው እሑድ የሰንበቴ ተራዬ ነበር። ዳቦው ተባርኮ ጠላው ሲቀዳ ተነሣሁ። ወንድሜ ጠጪ አልነበሩም፤ ያን ጊዜ ያልኩት ውሸት ነው፤ ልጄን ለመዳር ነው የዋሸሁት አልኩ። ሰው ሁሉ ጽዋውን ይዞ ቀረ። ገበዙ ንጉሡ፣ ታዲያ ምን ነበር ብለው ጠየቁኝ። የአጥንት ነገር ነው፣ ከዘራችን ነው፣ በልጄም ላይ አለ አልኩ። ያቺን ቃል ላለመናገር ነበር ያን ሁሉ ያጠፋሁት፤ ስናገራት ግን ማንም ከአጠገቤ አልተነሣም። ንጉሡ ጽዋቸውን መሬት አስቀምጠው አለቀሱ። ለካ እርስዎ በእሳቸው እንዳዘኑባቸው ያውቁ ኖሯል። ወረቀቱ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ የምሰርዘውም እኔ ነኝ አሉ።

እርስዎን አውቃለሁና አንድ ነገር ደግሞ ጠየቅኋቸው። ሲተኙ አፍዎ ውስጥ የሚያድረው ነገር ለቀዳሽ ጾም ያስገድፋል ወይ አልኳቸው። ብዙ አሰቡና፣ የማይበላ የማይጠጣ ነገር ምን ያስገድፋል፣ ጠዋት ያውልቁትና ይምጡ አሉኝ። የእሳቸውን ቃል እንዳለ ነው የጻፍኩልዎ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የሐኪሙን ወረቀት አድርጌአለሁ። ለምርመራ እንደሚፈለጉ ማኅተም ተመትቶበት ተጽፏል፤ ለሰፈራው ኃላፊ አሳይተው የይለፍ ወረቀት ይጠይቁበት። ሐኪሙ እስከ መጪው መስከረም ድረስ ነው ያለው፤ ከዚያ ወደ አገሩ ይገባል። ስለዚህ ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው ይምጡ። ይቅር ይበሉኝ ለማለት ገና አልደፈርኩም። ቢመጡና ፊትዎን ቢያዞሩብኝ ተገቢዬ ነው፤ ይምጡ ብቻ።

ካሰች፣ እኅት ዓለም፣ ደብዳቤሽን ያጠፍኩብሽ እኔ ነኝና ተቀየሚኝ። እስኪመጡ ድረስ በጀርባቸው አይተኙ። በሚተኙበት ልብስ ከኋላ በኩል ኪስ ስፊና ድቡልቡል ጠጠር ክተችበት፤ በጀርባቸው ሲሉ እየቆረቆራቸው በጎን ይዞራሉ። ይህንንም ሐኪሙ ነው የነገረኝ። ለትልቁ ልጅሽ ለያለው፣ ለታናሿም ለየዓለምዘርፍ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ስማቸው እጅ ነሥቷል። አልታየች ልጇን ይዛ ጉልበትዎን ትስማለች። ጎረቤቴ ሀሊማ፣ አላህ በሰላም ያምጣቸው፣ ዱዓ ላይ ነኝ በይልኝ ብላለች። እንቁ ፍንጭቴን ሳይገጥም ይዩልኝ ትላለች። አሁን ስትተኛ ድምፅ የላትም፤ እኔ ነኝ እየተነሣሁ አፍንጫዋ ላይ እጄን የማደርገው።

ሦስት ዓመት ሙሉ ፖስታው ላይ «ለአቶ ላቀው» እያልኩ ሳስጽፍ ኖርኩ። እንዲያ በሉኝ ስላሉ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ እንጂ፣ ማዕረግዎን ሳይ የሠራሁት እንዳይታወሰኝ ነበር። የመጣ ደብዳቤ እዚያ ሕዝብ በተሰበሰበበት ስም እየተጠራ እንደሚታደል ነግረውኛል። የሚጠራው ሰው እንዳይሳሳት ብዬ ፊደሉን ከሌላው አግንኜ፣ በራሴ እጅ «ለቄስ ላቀው» ብዬ ጽፌበታለሁ። ሲጠሩ አቤት ይበሉ።

ያጠፋሁብዎት እኅትዎ
እታገኘሁ

መካነ ሰላም
ግንቦት 24 ቀን 1980 ዓ.ም.