ትብለጽ የዘቀዘቀቻቸው መጻሕፍት

ልጄ ዓምደሚካኤል፣ የአባቶችህ አምላክ ከፕራግ ብርድ ይሰውርህ።

እኔ በልጅነቴ ቁራሽ እየለመንኩ፣ ውሻ እየነከሰኝ፣ በየኔታ አለንጋ ጀርባዬ እየተላጠ ተምሬ አንድም ቀን አላማረርኩም። ስለዚህም ከሰው ሁሉ ብዙ እጠብቅ ነበር።

ተመላላሽ ሠራተኛችን ትብለጽ ቤቱን አጥርታ ብታጸዳም፣ መጻሕፍቴን ከወለወለች በኋላ ዘቅዝቃ እንደምትመልሳቸው ጽፌልህ፣ «ያሰናብቷት» ብለኸኝ ነበር። ላሰናብታት ጠርቼ ብቆጣት፣ «አባባ፣ ድስት ቢሆን አፉን አውቃለሁ። የፊደል ራሱ የቱ፣ እግሩ የቱ እንደሆነ መቼ አሳዩኝ?» አለችኝ።

አፈርኩ። ከሠራተኛ የሚጠበቀው ያሳዩዋትን ያህል ነው፤ እኔ ግን ያላሳየኋትን ስጠይቃት ኖሬያለሁ።

በማግስቱ ሥራዋን ስትጨርስ ከጎኔ አስቀምጬ ሀ ሁ አስጀመርኳት፤ አለንጋ ግን አላነሳሁም። ዘንድሮ በቀበሌው የመሠረተ ትምህርት ፈተና አንደኛ ወጣች። ሃያ ሁለት ማዞሪያ ድረስ ወሬው ደርሷል፤ ያወራሁትም እኔው ነኝ። አሁን «አባባ» ማለቱን ትታ «የኔታ» ትለኛለች። በሰባ ዓመቴ ከዚህ የበለጠ ሹመት አልሻም።

ዓይኔ ስለደከመ ደብዳቤህን የምታነብልኝም፣ ይህንን እየነገርኳት የምትጽፈውም እርሷ ናት። እንግዲህ «ያሰናብቷት» የሚል ቃል እንዳይደገም፤ ሰላምታም ጻፍላት። እግዚአብሔር በሰላም ወደ ቦሌ ይመልስህ።

የመጨረሻውን መስመር አልጽፍም ብላ ብዕሩን ስላስቀመጠች በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፦ ስሞት ቤቱ ያንተ ነው፤ የብራና ዳዊቴ የትብለጽ ነው።