በሦስተኛው መም ላይ ስለቀረው ድንጋይ

ማርች 18 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.
ስፕሩስ ክሪክ፣ ማኒቶባ

ለምሥራቅ ሐይቆች አካባቢ የከርሊንግ ማኅበር
ለክቡር ፕሬዚዳንቱ

ጉዳዩ፦ በራሴ አሸናፊነት ላይ የቀረበ አቤቱታ

እኔ አመልካች አይሪን ፓውሉክ፣ በዚህ ወር መጀመሪያ በክለባችን በተካሄደው የአንጋፋ ሴቶች የፍጻሜ ጨዋታ ያሸነፈው ቡድን መሪ ነኝ። ማለትም በማኅበሩ መዝገብ አሸንፌያለሁ። አቤቱታዬም በዚሁ ላይ ነው።

1. የተረታው ቡድን መሪ ወይዘሮ ቶራ ሲጉርድሰን የዚሁ የስፕሩስ ክሪክ ክለብ አባል ናቸው። በበረዶ ላይ ድንጋይ የማንሸራተት ጨዋታችንን፣ ከርሊንግን፣ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አስተማሩኝ ስል ቃሉን አለስልሼ ነው፤ አንድ ክረምት ሙሉ ድንጋይ ሳያስነኩኝ መጥረጊያ ብቻ አስይዘው በረዶ አስጠርገውኛል። በዚህ ሁሉ ዘመን ወደ ክፍለ ሀገሩ ሻምፒዮና አልፈው አያውቁም፤ ሁልጊዜ በጣት ያህል ይቀርባቸዋል። በመኸር ቤታቸውን ሸጠው ዊኒፔግ ልጃቸው ዘንድ ስለሚገቡ፣ የዘንድሮው የመጨረሻቸው ነበር። ይህን የምጽፈው ጽሕፈት ቤቱን ለማሳዘን አይደለም። ነገሩ ግን ያሳዝናል።

2. በመጨረሻው ዙር ነጥቡ ስድስት ለአምስት ሆኖ እኔ እመራ ነበር። የቀረው አንድ ድንጋይ ብቻ ነው፤ እሱም የወይዘሮ ቶራ። ነጥብ ከሚቆጠርበት ክብ መሐል አስቀድሞ አንድ ድንጋያቸው ተቀምጧል። የመጨረሻውን ከእኔ ድንጋይ ይልቅ ለመሐሉ አስጠግተው ቢያስቆሙ ሁለት ነጥብ ያገኙና ያሸንፋሉ። መንገዱ ክፍት ነበር። ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ይህን ውርወራ ወይዘሮ ቶራ ሾርባ እያማሰሉም አይስቱትም።

3. እኔ የራሴን ወርውሬ ወደ ክቡ ስሄድ፣ እሳቸው ሊወረውሩ ሲመጡ፣ እንደተለመደው በሦስተኛው መም፣ በምንጫወትበት የበረዶ ጎዳና አጋማሽ ላይ ተገናኘን። ወይዘሮ ቶራ ቀና ብለው የነጥብ ሰሌዳውን አዩ። መነጽራቸው መኪና ውስጥ ነበር። «መነጽር የሚያስፈልገኝ አጋዘን እንዳልገጭ ነው» ይላሉ፤ በረዶ ላይ አድርገውት አያውቁም። ስድስቱን ስምንት አድርገው አነበቡት። ሦስት ነጥብ የሚመራ ሰው በአንድ ድንጋይ አይደረስበትምና፣ በጨዋታችን ወግ መሠረት ጓንታቸውን አውልቀው እጃቸውን ዘረጉልኝ።

4. በእኛ ዘንድ የተዘረጋ እጅ አይታለፍም፤ የጨበጠም ጨዋታውን ዘጋ ማለት ነው። እጄ ከአእምሮዬ ቀድሞ ሄደ። ነገሩ የገባኝ ጨብጬ ካበቃሁ በኋላ ነው። «እትዬ ቶራ፣ ስድስት ለአምስት ነው። ይሂዱና ይወርውሩ» አልኳቸው። ዓይናቸውን አጥብበው ሰሌዳውን እንደገና አዩት። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ከዚያም፣ «እጄን ሰጥቼ መልሼ አላውቅም። በዚህ ዕድሜዬ አልጀምርም» አሉኝ። ቡድናቸው ሮጦ ሲደርስ ዳኛው ፈርሞ ነበር።

5. አሸናፊ ተሸናፊን መጠጥ ይጋብዛል፤ ሁለቱም በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። ይህን ወግ ከደንቡ በላይ ነው የምንጠብቀው። እኔም ለወይዘሮ ቶራ የሚወዱትን ውስኪ ከዝንጅብል ጋር አዘዝኩ። ሆዴን አሞኛል ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ብርጭቆው በረዶው እስኪሟሟ ፊቴ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ክለቡን አልረገጡም። በራቸውን ሳንኳኳም ምድር ቤት ማሞቂያ ሲያስተካክሉ ይሆናል፣ አይሰሙኝም። ፖስታ ቤት የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ ያለሽ» የሚለኝ በለቅሶ ቤት ድምፅ ነው። እኔም ተከፍቻለሁ።

6. ለጽሕፈት ቤቱ በስልክ ባመለከትኩ ጊዜ፣ ውጤት ላይ ቅሬታ ማቅረብ የሚችለው የተረታ ቡድን ብቻ እንደሆነ ተነገረኝ። አሸናፊ በማሸነፉ ሊበደል እንደማይችል ጸሐፊዋ በትሕትና አስረድተውኛል። የተረቱት ደግሞ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብለዋል። እንግዲያው ቦታዬን ልልቀቅላቸው ብል፣ የተለቀቀ ቦታ እጁን ለሰጠ ቡድን ሳይሆን ሦስተኛ ለወጣው እንደሚሰጥ ተገለጸልኝ። ሦስተኛ የወጡት የሬድ ዊሎው ክለብ ሰዎች ናቸው። የሬድ ዊሎው ሰዎች ያሸነፉ ዕለት ለተሸናፊው የሚያዙት ውኃ ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሉታል ይህን።

7. ያ የመጨረሻ ድንጋይ ከጨዋታው ዕለት ጀምሮ ከመወርወሪያው ፊት እንዳለ አለ። በክቡ ውስጥ ያሉትንም ማንም አላነሳቸውም። እንዲህ ይደረግ ብሎ ያዘዘ የለም። የበረዶው ኃላፊ አቶ ዴልበርት ፍሪዘን መሙን በገመድ አጥረው፣ ድንጋይ እንዲንሸራተትበት በየጠዋቱ እንደ ደንቡ የውኃ ጠብታ ይረጩበታል፤ ሌላው አባል በቀሩት መሞች ላይ ተጣብቦ ይጫወታል። የማቀዝቀዣው ሞተር ግን ቅዳሜ ይጠፋል። በረዶው ከቀለጠ አቤቱታዬም አብሮ ይቀልጣል።

ስለዚህ ያቺ አንዲት ድንጋይ እንድትወረወር ጽሕፈት ቤቱ እንዲያዝልኝ

ክቡር ፕሬዚዳንት፣ እዚህ ላይ ያቋረጥኩበትን ምክንያት ላስረዳ። ከላይ ያለውን የጻፍኩት ትናንት እሑድ ከሰዓት፣ በረዶውን በሚያሳየው የክለቡ መስታወት ሥር ተቀምጬ ነው። «እንዲያዝልኝ» የሚለውን ስጽፍ ወይዘሮ ቶራ መጥረጊያቸውን ይዘው ገቡ። መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ ነበር። ሰላምታም አልሰጡኝ። ገመዱን ተሻግረው፣ የድንጋዩን ሥር በመዳፋቸው ጠረጉና ወረወሩ።

ድንጋዩ አቅጣጫውን አልሳተም፤ ኃይል ግን አጠረው። ብዙ ቀን የተቀመጠ ድንጋይ ነው፤ በእሳቸው አልፈርድም። ከክቡ ሳይደርስ ሊሞት መሆኑን አየሁ። ብዕሬን ጥዬ እዚያው ከነበሩት ከአቶ ዴልበርት መጥረጊያ ቀማሁና ሮጬ ፊቱን መጥረግ ያዝኩ፤ ፊቱ የተጠረገለት ድንጋይ ርቆ ይሄዳልና። የተጋጣሚን ድንጋይ እዚያ ቦታ መጥረግ ክልክል እንደሆነ አውቃለሁ። ማኅበሩ ይህን በተመለከተ የሚወስደውን እርምጃ እቀበላለሁ። ከኋላዬ ወይዘሮ ቶራ፣ እንደዚያ ክረምት፣ «ጠንከር፣ አይሪን! ክንድሽን ሳይሆን ወገብሽን!» ይሉኝ ነበር።

ድንጋዩ ከእኔው ድንጋይ በጣት ያህል ለመሐሉ ቀርቦ ቆመ። አቶ ዴልበርት በመለኪያው ዘንግ ለኩት፤ አንዳችንም አልጠየቅናቸውም ነበር።

ወይዘሮ ቶራ ወደ ባንኮኒው ሄደው ሁለት ውስኪ አዘዙ። ክቡር ፕሬዚዳንት፣ እሳቸው ናቸው ያዘዙት፤ እኔ ጠጣሁ። ይህ በስፕሩስ ክሪክ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም። የማኅበሩን መዝገብ በተመለከተ ግን ምንም ለውጥ አልጠይቅም፤ ከመጨባበጥ በኋላ የተወረወረ ድንጋይ እንደማይቆጠር ተነግሮኛል። ወደ ሻምፒዮናው በእኔ ቦታ እንዲሄዱ በጠረጴዛው ላይ ለመንኳቸው። እሳቸውም፣ «ለእጄ ካሳ አልቀበልም። ቡድንሽ መሪ ቸግሮት ከሆነ ግን፣ ለቸገረው ሰው እደርሳለሁ» አሉ።

ስለሆነም የቀደመው ጥያቄዬ ቀርቶ የሚከተለው ይታይልኝ። ከትናንቱ ሩጫ ወዲህ ጉልበቴን አሞኛል። የማኅበሩ ደንብ የታመመ መሪ በዚሁ ክለብ አባል እንዲተካ ይፈቅዳል፤ የሐኪም ወረቀትም አይጠይቅም። ቡድኔ መሪ ቸግሮታልና፣ ወይዘሮ ቶራ ሲጉርድሰን በእኔ ምትክ መሪ ሆነው እንዲመዘገቡልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። እኔም በተጠባባቂነት አብሬ እንድሄድ ይፈቀድልኝ። ሕመሙ ከመምራት እንጂ ከመጥረግ አይከለክለኝም።

መነጽራቸውን እኔ እይዛለሁ።

መልካም ምላሽዎን በረዶው ሳይቀልጥ ከሚጠብቅ ልብ፣ ከሰላምታ ጋር

አይሪን ፓውሉክ
(ፊርማ)