ንግግርዎን ስለረበሸው ማቀዝቀዣ

ለተከበሩ የምርምር ተቋሙ ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና፣ ረጅም ዕድሜና የማይቋረጥ የኤሌክትሪክ ኃይል ከልቤ እመኛለሁ። ይህን የመጨረሻውን ለሌላ ሰው ተመኝቼው አላውቅም፤ በእርስዎ ተቋም ግን ከጤናና ከዕድሜ ጋር ምን ያህል የተቆራኘ እንደሆነ በቅርቡ ስለተረዳሁ ባልጨምረው ነውር መስሎ ታየኝ።

እኔ ዕድሜዬን በማተሚያ ቤት የሰው ጽሑፍ ሳርም የኖርኩ ጡረተኛ ነኝ። ስለ ካንሰርም ሆነ ስለ ሰውነት መከላከያ የማውቀው ታናሽ እህቴ ታምማ የተማርኩትን ብቻ ነው። እህቴን በመድረክ ላይ «የተቋማችን ባለውለታ» ብለው ስለጠሯት ያስታውሷት ይሆናል። ፀጉር ሠሪ ነበረች። ደንበኞቿ «ሳቂታ» ይሏት ነበር፤ ቁም ነገር እያወራችም መሳቋን መተው ስለማትችል። የካንሰሩ መድኃኒት ፀጉሯን ማራገፍ ሲጀምር መስታወት ፊት ቁጭ ብላ በገዛ ማሽኗ ተላጨችና፣ «እኔን የመሰለ ባለሙያ እያለ ይህን ሥራ ለመድኃኒት አልሰጥም» አለች። እኛ አለቀስን፣ እሷ ወለሉን ጠረገች።

ሕመሟ የንፍፊት ካንሰር ነበር። አንገቷ ላይ የወጣው እብጠት መድኃኒቱን እያየ የሚያድግ ይመስል ነበር። ሐኪሞቹ መሬት መሬት ማየት በጀመሩበት ሰሞን፣ እግሯ ላይ የነበረች ትንሽ ቁስል አመርቅዛ ኢንፌክሽኑ ወደ ደሟ ገባ። ትኩሳቱ አልጋ ላይ ጣላት፤ እኛም በልባችን ተሰናበትናት። እሷ ግን ተነሣች። ትኩሳቱ በበረደ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሻርፗን ፈትታ፣ «ወንድምዓለም፣ እስቲ ዳብሰኝ፤ የት ሄደ?» አለችኝ። እጄን ሰድጄ ፈለግሁ። ያ እንቁላል ያህል የነበረው እብጠት የባቄላ ፍሬ እንኳ አያህልም ነበር።

የተቋምዎ ተመራማሪ ዶክተር ከሕይወታችን የገባችው በዚህ ጊዜ ነው። ወጣት ሴት ናት፤ ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ፣ ዓይኗን ቀና ታደርጋለች። ሕመሙ እንደታወቀ ከእብጠቱ የተወሰደው ናሙና በእጇ ነበር፤ ትኩሳቱ በነደደበት ወቅት ደም ቀድታለች፤ ከዚያም በኋላ ደጋግማ ወስዳለች። «የሰውነቷ መከላከያ ካንሰሩን እንደ ቤተኛ ለምዶት ዝም ብሎት ነበር» ብላ አስረዳችን። «ኢንፌክሽኑ ሲመጣ ደነገጠና ነቃ። ሌባውን ሊያባርር የወጣ ዘበኛ ጓዳ ውስጥ የተደበቀውንም ያገኘ ይመስላል። የትኛው ሕዋስ ቀድሞ እንደነቃ ካወቅን፣ ሰው በትኩሳት ሳይቃጠል የምንቀሰቅስበትን መንገድ ልናገኝ እንችላለን።» ቀጥላም እንዲህ አለች፦ «ይህ መዳን አይደለም። ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ደግሞ ኢንፌክሽን በብዛት የሚገድል ነገር ነው፤ ማንም ፈልጎት እንዳይሄድ።» እውነቱን ስላልሸፋፈነችልን እህቴ ወደደቻት።

እብጠቱም እንደተባለው ተመለሰ። በመጨረሻዎቹ ወራት የእህቴ ደም ሥር አልገኝ እያለ መርፌው ከክንድ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ እግር ሲዞር ዶክተሯ፣ «ይብቃን፣ አላሠቃይሽም» ብትላት፣ «ፀጉር ለማሳመር ስንቱን በካስክ ያቃጠልኩ ሰው ነኝ፤ ይልቅ ውሰጂ፤ ለእኔ ካልሆነ ለሌላው ይተርፋል» አለቻት። እንደሳቀች ሞተች ብል ውሸት ይሆናል። ተሠቃይታ ነው የሞተችው። ነገር ግን ናሙናዎቿ በተቋምዎ ጥልቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጠው ነበርና፣ ከቀብር ስንመለስ ሁሉም ነገሯ አፈር እንዳልገባ ለራሴ እየነገርኩ ነው የተጓዝኩት።

ክቡር ሆይ፣ አሁን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ለማቅረብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ ለምረቃው በዓል ስለጋበዙኝ አመሰግናለሁ። አዲሱ ክንፍ ሲመረቅ ከፊት ረድፍ፣ ምቹ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ለድምፅ ማጉያውና ለእንግዶች መጠጥ ማቀዝቀዣ የኤሌክትሪክ መስመር በማነሱ፣ ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ኮሪደር የነበረው የናሙና ማቀዝቀዣ መነቀሉን በዚያን ሰዓት አላወቅሁም። የሰማሁት ጩኸቱን ነው። እርስዎ «የናሙና ሀብታችን የነገ ፈውስ መሠረት» በሚል ርዕስ እየተናገሩ ሳለ ከግድግዳው ማዶ አንድ ነገር እንደ ጫጩት ያለማቋረጥ ጮኸ። ዶክተሯ አበባ ይዛ መድረክ ላይ ቆማ ነበርና ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ለመውረድ አንድ እግሯን አነሣች። የሥነ ሥርዓቱ አስተባባሪ ግን በእጁ «ባለሽበት» የሚል ምልክት ሰጣትና ራሱ ወጣ። ጩኸቱ ቆመ። እርስዎም ፈገግ ብለው፣ «አሁን እንግዲህ ተደማመጥን» አሉ፤ አዳራሹም አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ችግሩ የተፈታ መስሎኝ። ለካ የተፈታው የንግግርዎ ችግር ኖሯል፤ አስተባባሪው ያጠፋው ማስጠንቀቂያውን ብቻ ነበር። ዶክተሯ ከመድረኩ እንደወረደች በሩጫ ብትሄድም የኮሪደሩ በር ለእንግዶች ጸጥታ ሲባል ተቆልፎ፣ ቁልፉም ከአስተባባሪው ጋር ለራት ግብዣ ሄዶ ነበር። ስልኩን አላነሣም። በዓሉን ተከትለው የሥራ ያልሆኑ ቀናት ስለነበሩ በሩ የተከፈተው ከእነርሱ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ በቀጣዩ ሳምንት ተቋምዎ «መጠነኛ የቴክኒክ መስተጓጎል አጋጥሞ በቁጥጥር ሥር ውሏል» የሚል ማስታወቂያ ስለለጠፈልን አመሰግናለሁ። የሙያ ነገር ሆኖብኝ ዓረፍተ ነገሩን ለማረም ሞክሬ ነበር። «መጠነኛ» የሚለውን ሰረዝኩ፤ «የቴክኒክ» የሚለውን ሰረዝኩ፤ «መስተጓጎል» የሚለውን ሰረዝኩ፤ «በቁጥጥር ሥር ውሏል» የሚለውን ሰረዝኩ። «አጋጥሞ» ብቻ ቀረ፤ እሱም ብቻውን አልቆም አለኝ። ደግነቱ ነገሩን ከማስታወቂያው በፊት ሰምቼዋለሁ። ዶክተሯ በስልክ ልትነግረኝ አልደፈረችም፤ ቤቴ ድረስ መጣች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።

«ጋሼ፣ ቀልጧል» አለች።

«ሁሉም?»

«ሁሉም። የትኩሳቱ ቀን ደምም። ከእንግዲህ ለማንም አይሆንም።»

ከዚያ በኋላ ተቀመጠች። እህቴ ስትሞት ያላለቀሰችውን ያን ቀን አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት። ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ለቅሶ መቀመጥ ያልተለመደ ነውና፣ ለጎረቤት ምን ብዬ እንደምነግር ጨነቀኝ።

ሦስተኛ፣ ጥፋተኛን ለመለየት ባሳዩት ፍጥነት መደነቄን እገልጻለሁ። አስተባባሪው ለተሳካ ዝግጅት ምስጋና ተቸረው። ዶክተሯ ግን በስብሰባ ላይ ተነሥታ፣ «ማቀዝቀዣውን ነቅለን፣ ማስጠንቀቂያውን አጥፍተን፣ በሩን ቆልፈን ነው የሄድነው፤ ይህን ለናሙና ሰጪዎቹ ቤተሰቦች በቃላችን እንንገራቸው» በማለቷ የተቋሙን ስም አጉድፈሻል ተብላ ከቤተ ሙከራ ወደ ሕዝብ ግንኙነት ክፍል ተዛወረች። አሁን የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ ትጽፋለች። እባክዎ አይዘኑ፤ ጽሑፏ ንጹሕ ነው፤ የሚታረም አላገኘሁበትም።

አራተኛውን ባልጽፈው እመርጥ ነበር፤ ያስጻፈኝም ግን እሱ ነው። ባለፈው ወር እህቴ ተኝታበት በነበረው ሆስፒታል አንድ አናጢ ተኛ። ሕመሙ የእህቴው ዓይነት ነው። ሳምባው በኢንፌክሽን ተመትቶ ትኩሳት ሲያንቀጠቅጠው ሰነበተና፣ የብብቱ እብጠት መቀነስ ጀመረ። አንዲት ነርስ እህቴን ታስታውስ ነበርና ለዶክተሯ ደወለች። ዶክተሯ ወደ ቢሮዎ መጥታ ቤተ ሙከራው ለአንድ ቀን ብቻ እንዲከፈትላት ለመነች። ጸሐፊዎ በትሕትና፣ «ጥያቄሽ በሚቀጥለው የአስተዳደር ስብሰባ ይታያል» ብላ መለሰቻት።

እኔ አናጢውን ልጠይቅ ሄድኩ። ሚስቱ ኮሪደር ላይ አገኘችኝና፣ «አባባ፣ ለምርምር ደም ስጡ አሉን፤ የእህትዎም ተወስዶ ነበር ይላሉ። ጠቀመ?» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ ከባድ ጥያቄ ተጠይቄ አውቃለሁ፤ እንደዚህኛው ያለ ግን አላጋጠመኝም። «እህቴ ብትኖር ስጡ ትላችሁ ነበር» አልኳት። ሴትዮዋ ገብታ ባሏን አነጋገረችው፤ እሱም እሺ ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። የሚቀዳና የሚያስቀምጥ ግን አልመጣም። ሰውየው ክንዱን ገልጦ ቆየ፤ በኋላ በረደውና ሸፈነው። ስብሰባው ሳይደርስ ትኩሳቱ ወረደ። እንኳንም ወረደ፤ አናጢው አሁን ቤቱ ነው፤ ዕድሜ ይስጠው። በዚያ ትኩሳት ውስጥ የነበረውን ነገር ግን ከእንግዲህ ማንም ሊያየው አይችልም።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ካሣ አልጠይቅም፤ ይቅርታም ቢሆን ከጽሕፈት ቤት የሚወጣ ከሆነ ይቅርብኝ። ዶክተሯን ወደ ሥራዋ ይመልሱልን። ሌላ የታመመ ሰው ነገ ክንዱን ይገልጣል፤ ያን ጊዜ የሚቀበለው ሰው ይኑር።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ በዓልዎ እንዲደምቅ፣ ድምፅዎም እንዲሰማ ሳያውቁ ዋጋ ከከፈሉት ዜጎች አንዱ ሆኜ፣ ባርኔጣዬን አንሥቼ ከወገቤ ጎንበስ እላለሁ።

አክባሪዎ፣
የሳቂታ ወንድም

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን በእጄ ለመስጠት ብመጣ፣ የእህቴን ታሪክ ለዓለም አቀፍ ጉባኤ በንግግር ሊያቀርቡ ባሕር ማዶ መሄድዎን ነገሩኝ። እንኳን ደስ ያለዎ። ከአድማጮቹ አንዱ ናሙናው ምን አሳየ ብሎ ቢጠይቅዎ፣ የሚመልሱለትን እባክዎ ለእኔም ይጻፉልኝ። ዓይኗ የደከመ እናት አለችን፤ በሄድኩ ቁጥር፣ «የልጄ ደም ምን ተናገረ?» ትለኛለች፤ እኔም ገና እያነበቡት ነው እላታለሁ።