በነሐሴ የሚወረወር እንስራ

ኮርፉ፣ ከፋሲካ በኋላ ያለው ሐሙስ፣ ሚያዝያ 22

ዲያማንቲናዬ፣ ባሕር የወሰደብኝ ልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? ያ ረጅሙ ባልሽስ? ሜልቦርን ብርድ ሊገባ ነው ብለሽኛል። እዚህ ፀሐይዋ ከጠዋት ጀምሮ በረንዳው ላይ ናት፣ ጉልበቴም በሷ ሰበብ ትንሽ ምሮኛል። ለበዓሉ ሁለት የፎጋሳ ዳቦ ጋግሬ አንዱን ብቻዬን ጨረስኩት። ለማን ብዬ ላስቀምጥ?

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። አባትሽ አንድ ጉዳይ ለአንቺ እንዳልጽፍ በቅዱስ ስፒሪዶን አስምሎኛል። «አዝና እንድትመጣ አልፈልግም፣ ወዳ ትምጣ» ነው የሚለው። የቅዱሱ አስከሬን ባረፈበት ከተማ ተቀምጬ በስሙ የማልኩትን አላፈርስም። ስለዚህ እሱን አልነግርሽም። የበዓሉን ወሬ ነው የምነግርሽ፤ ወሬ እንዳላወራ ደግሞ ማንም አላስማለኝም።

ቀዳም ሥዑር ጠዋት የቅዱሱ አስከሬን በሰልፍ ሲወጣ አባትሽ ትሮምቦኑን ወልውሎ፣ ቀይ ላባ ያለበትን ቆቡን ደፍቶ እንደ ሙሽራ ሄደ። እኔና ጎረቤታችን ሲዮራ ካቲና በረንዳ ላይ ሆነን ሰልፉን እናያለን። የእኛ ሰፈር ሙዚቀኞች፣ ቀዮቹ፣ አለፉ፤ አባትሽ ኖንዳስ የለም። «ሽንት ይዞት ይሆናል» አለች ካቲና። ቀጥሎ ተቀናቃኞቻችን ሰማያዊዎቹ መጡ። መሃላቸው አንድ ቀይ ላባ! አባትሽ! ዕድሜ ልኩን «የነሱ ጡሩምባ አይደለም፣ ወናፍ ነው» ሲል የኖረው፣ ከነሱ አንዱን አገባች ብሎ የዛሬ አራት ዓመት ከሠርግሽ የቀረው ሰውዬ፣ በነሱ ሰልፍ መሃል ጉንጩን ነፍቶ የእኛን ማርሽ ይነፋል! እነሱ ሌላ፣ እሱ ሌላ። ሳቅ ገደለን። ኋላ ስጠይቅ የጫማውን ክር ሊያስር ከሰልፉ ወጥቶ ሲመለስ ነው የተሳሳተው።

የሰማያዊዎቹን ባንዲራ የሚይዘው አማትሽ ላምብሮስ ነዋ። ባንዲራውን ለሌላ ሰጥቶ ወደ አባትሽ መጣ።

«አራት ዓመት ፈጀብህ እንጂ መጣህ፣ ኖንዳስ!»

«ልሰልላችሁ ነው የመጣሁት፤ አንተ ዞር በል!»

ላምብሮስ ግን ዞር አላለም። እጁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ እየመራ ወሰደው። እኔም መሳቄን ያቆምኩት ያን ጊዜ ነው።

ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ደወሉ ተደወለ፣ ከተማውም አበደ። ከየበረንዳው እንስራው ከነውሃው ይወርዳል፣ ከታች ሕዝቡ ይጮኻል። በአሥራ ሁለት ዓመትሽ ጀልባና ስምሽን የሣልሽባትን እንስራ ታስታውሻለሽ? ከሄድሽ ጀምሮ አባትሽ በየዓመቱ ቀይ ጥብጣብ ያስርላትና ከዳር ያኖራታል። «እንዳትነኪያት፤ ስትመጣ ራሷ ትወርውራት» ይለኛል። ለሰው ሲሆን ደግሞ «ልጅ የለኝም» ይላል፣ ጉደኛው።

ዘንድሮ ዳሰስ ዳሰስ አደረገና አንድ እንስራ አንስቶ ወረወረ። ጀልባሽ አየር ላይ ስትገለበጥ አየኋት። ሕዝቡ አጨበጨበ። እሱ ፈገግ ብሎ «እንዴት ነው ድምፁ?» አለኝ። ያን ጊዜ እጁን ወደ ዳር ሰዶ የቀረውን እንስራ ደባበሰው። ልሙጥ ነው፣ ጥብጣብም ቀለምም የለበትም።

«ሉክያ፣ የልጅቷን ነው እንዴ የወረወርኩት?»

«አዎ» አልኩት። ወለሉ ላይ ቁጭ አለና አለቀሰ። በአርባ ዓመት ትዳራችን ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ አንጀቴን በላው።

ከዚያማ ማን ይያዘው! ደረጃውን በመደገፊያው ተንጠላጥሎ ወረደና ተንበርክኮ ገል ይለቅም ጀመር። መቼም ታውቂያለሽ፣ ሰው ለዕድሉ ብሎ ስባሪውን ይሻማል። አንዲት ቱሪስት የጀልባዋን ሸራ ቦርሳዋ ከታ ልትሄድ ስትል ላምብሮስ ደረሰባት። በምን ቋንቋ እንዳናገራት እንጃ፣ አውጥታ ሰጠችው፤ እሷም ዓይኗን እየጠረገች ሄደች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከኛ ወጥ ቤት ተቀምጠው የኩምኳት አረቄዬን ጠርሙስ ገለበጡት። «ሰማያዊ በቤቴ! ምን ዘመን መጣ!» እያለ አባትሽ ይቀዳለታል። ግማሹን ጠረጴዛው ላይ ነው የቀዳው፤ ላምብሮስም አላየሁም ብሎ በእጅጌው ጠረገው።

ማክሰኞ ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሙ ያለውን አልጽፍም፣ ምያለሁ። አንቺ ግን «ለሚቀጥለው ፋሲካ እመጣለሁ» የምትይውን ተይው። ፋሲካ ሩቅ ነው። ለነሐሴው የቅዱሱ በዓል ነይ። አባትሽ ፊትሽን እንዲያየው እፈልጋለሁ። እንዲህ ማለቴ መሐላ ማፍረስ አይደለም፤ የእናት ምኞት ነው።

ትናንት ደግሞ አዲስ እንስራ ገዝቶ መጣ። ብሩሽ ይዞ ሲታገል ዋለና ስምሽን ጻፈበት፤ ፊደሎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ወጥተዋል። «በነሐሴ ይደርሳል» አለኝ።

«እንስራ በነሐሴ ተወርውሮ ያውቃል?»

«በረንዳው የማን ነው?»

ሲዮራ ካቲና ከታች መንገዱን እዘጋለሁ ብላለች። ላምብሮስ ሰማያዊዎቹን ሰብስቤ እመጣለሁ ሲል አባትሽ «ቀዮቹ ከሌሉ አይሆንም» አለው። መጣላት ጀምረዋል፣ ደስ ሲሉ!

የስምሽ መጀመሪያ ፊደል ያለበትን ገል በጨርቅ ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ፤ ለዕድልሽ። መንገድሽን ቅዱሱ ያቅናልሽ፣ ባሕሩም ሰማዩም ይለስልስልሽ፣ በሬን ስታንኳኪ የምከፍትልሽ እኔው ልሁን።

እናትሽ ሉክያ

ፖስታውን ከማሸጌ በፊት፦ አባትሽ አሁን ለአዲሷ እንስራ ጥብጣብ አስሮ ጨረሰ። «ቀይ ነው አይደል?» አለኝ። አረንጓዴ ነው። «ደማቅ ቀይ» አልኩት። ስትመጪ አንቺም እንደኔ በይው።