ባልሰበርኩት ይቅር አትበሉኝ

ጅዳ፣ በግዳዲያ

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነሽ እማዬ? ጉልበትሽ ዳገቱን እሺ አለሽ? የሚያለቅሰው ዓይንሽስ ተሻለው? ወንድሞቼና ልጆቻቸው፣ ጎረቤቱ በሙሉ ደህና ናቸው ወይ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እንደ ዘንድሮ ደህና ሆኜ አላውቅም፤ ምክንያቱን ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። አንቺ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገሽ ነው የምታወሪው፤ እኔ ገና «እማዬ» ስል ግማሹ ሰፈር «ወዓለይኩም ሰላም» ይለኛል። ይህ ግን ላንቺ ብቻ ነው። በመሠረተ ትምህርት የቆጠርሽውን ፊደል እንዳልረሳሽው ስለማውቅ ጽሕፈቱን አጉልቼ፣ መስመሩን አራርቄ ጽፌልሻለሁ። ቀስ ብለሽ ራስሽ አንብቢው። የሚያመጣልሽ እዚህ ጅዳ ካራንቲና ሰፈር የሚኖረው ኢድሪስ ነው፤ ከእሷ እጅ በቀር ለማንም እንዳትሰጥ ብዬ ወላሂ አስብዬዋለሁ።

አሥራ አምስት ዓመት ያገለገልኳቸው አሮጊት፣ ሲቲ እያልኩ የምጠራቸው፣ ያለፈው ሐጅ ሊገባ ሲል እንዳረፉ ነግሬሻለሁ። ሲቲ ማለት በእነሱ አያቴ ማለት ነው። አላህ ይርሐማቸውና የመካ ሰው ነበሩ። አባታቸው ሐጃጆችን ከየአገሩ ተቀብለው የሚያሳርፉ ሰው ስለነበሩ ቤታቸው በስጦታ ዕቃ የተሞላ ነበር አሉ። የመካው ቤት ሲፈርስ ዕቃው በሙሉ ወደ ጅዳ ተጫነ። ያንን ዕቃ አሥራ አምስት ዓመት ያጠብኩት፣ የወለወልኩት እኔ ነኝ።

ሲቲ ከተቀበሩ በኋላ ልጆቻቸው ተሰብስበው ዕቃው በሐራጅ ይሸጥ ብለው ተስማሙ። ወንዱ አንድ ነው፣ አዲል፤ የእኔም ከፊል፣ የመኖሪያ ፈቃዴ በስሙ ያለ አሠሪዬ፣ እሱ ነው። ሴቶቹ ሦስት ናቸው፤ ታላቃቸው ሂንድ መካ ነው የምትኖረው። ከሐራጅ ቤቱ ደግሞ ዱዓ የምትባል ወጣት ሴት እንደ እስክሪብቶ የቀጠነች ባትሪና ትልቅ ደብተር ይዛ መጣች። ሥራዋ የእያንዳንዱን ዕቃ ሁኔታ መጻፍ ነው፤ ምን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ምን እንደጎደለው፣ የቱ ጋ እንደተጠገነ፣ ምን እንደነካው።

የመጀመሪያውን ቀን ሻይ ይዤላት ስገባ ሳሞቫሩን፣ ያን የነሐስ ሻይ ማፍያ፣ እያገላበጠች «ደህና ነው» ብላ ልትጽፍ ነበር። አላስችል አለኝ። «ቧንቧው ያንጠባጥባል፤ የግራው እጀታ ደግሞ የራሱ አይደለም፣ ነሐሱ ቀላ ይላል» አልኳት። ባትሪዋን አበራች። አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝና ወንበር ስባ «ተቀመጪ» አለችኝ። እማዬ፣ በዚያ ሳሎን ወንበር ላይ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው።

ስምንት ቀን አብረን ሠራን። እኔ እየነገርኳት እሷ ትጽፋለች። የሳንዱቁ ምስማር ሰባቱ አዲስ ነው፤ የኋላ ጣውላውን ነቀዝ በልቶት ተቀይሯል። የብሩ ሽቶ መርጫ አንገቱ ላይ ጎድጎድ ያለ ነገር አለው፣ በጣት ካልዳሰሱት አይታይም። የግድግዳው ሰዓት ይሄዳል፣ ግን የሚደውለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ አሥራ ሁለትም ቢሆን አንድ ጊዜ። ይሄንን ስነግራት ዱዓ ሳቀችና እሱንም ጻፈችው። «ጉድለቱን ካልጻፍን ገዢው ቀሪውንም አያምነንም» አለችኝ። እኔ ደግሞ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የማውቀው ነገር ለሰው ይጠቅማል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

በስምንተኛው ቀን ሳህኑ ላይ ደረስን። ከቤቱ ዕቃ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፤ ባለ ሰማያዊ አበባ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን፣ የቻይና ሥራ፣ ከኢንዶኔዥያ የመጡ የጃዋ ሐጃጆች ለሲቲ አያት ያመጡላቸው። በሐጅ ወቅት ዘምዘም ተሞልቶበት እንግዳው በሙሉ ይጠጣበት ነበር አሉ። አዲል ፎቶውን አስነስቶ የሐራጁ ካታሎግ ሽፋን ላይ እንዲወጣ አድርጎታል። ዱዓ ከፊት ለፊት አየችውና «እንከን የለውም» ብላ መጻፍ ጀመረች።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ግን ስምንት ቀን እውነቱን ስነግራት ከርሜ እዚህ ስደርስ ልዋሽ? «አዙሪው» አልኳት።

ከኋላው ከጠርዙ እስከ መቀመጫው የወረደ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ፣ በማጣበቂያ የተያዘ። ሲቲ ሁልጊዜ ያንን ጎኑን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው የሚያስቀምጡት። እንዴት እንደተሰነጠቀ አንድ ቀን ከአስር ሶላት በኋላ ነግረውኛል። ዕቃው ከመካ ሲጫን አዲል ሃያ ዓመቱ ነበር፤ ፒካፑን እኔ ነኝ የምነዳው ብሎ መንገድ ላይ ባሕራ የምትባል ከተማ ሲደርስ በኃይል ፍሬን ሲይዝ ሳጥኑ ወደቀ። ልጁ አለቀሰ። ሲቲ እህቶቹ እንዳያውቁበት ራሳቸው አጣብቀው ወደ ግድግዳ አዞሩት። «አንቺም አደራ» ብለውኛል። ስለዚህ ዱዓ «እንዴት ተሰነጠቀ?» ስትለኝ «እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው» ብቻ አልኳት። «የቆየ ስንጥቅ» ብላ ጻፈች።

ዝርዝሩ ለልጆቹ ሁሉ በተላከ ማግስት እህቶቹ አዲል ላይ ደወሉበት። ደህና ነው ብለኸን አልነበር ወይ፣ ማን ሰነጠቀው አሉት። ወጥ ቤት ድረስ መጥቶ፣ ፊቴ ቆሞ፣ በስልክ ምን እንዳላቸው ታውቂያለሽ? «ሠራተኛዋ ናት፣ ስታጥበው ሰነጠቀችው» አላቸው።

በማግስቱ ወረቀት ይዞ መጣ። በዚያው ሰሞን የዱዓ ሐራጅ ቤት መጋዘኑን እንድይዝለት ፈልጎኝ፣ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ወደ እነሱ እንዲዛወር የአዲል ፈቃድ ብቻ ነበር የቀረው። ያውቃል። «ማንም አይከስሽም፣ አንድ ሪያል አትጠየቂም። ስታጥቢ ሰበርሽው፣ ቤተሰቡም ይቅር ብሎሻል፣ ይኸው ነው የሚለው። ፈርሚ፣ እኔም አሁኑኑ በስልኬ እፈቅድልሻለሁ፣ ኸላስ፣ አለቀ» አለኝ።

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስሜ በዐረብኛ ተስተካክሎ ተጽፏል፤ አሥራ አምስት ዓመት «አንቺ» ሲለኝ ኖሮ ስሜን ማወቁ ራሱ ገረመኝ። እስክሪብቶውን መለስኩለት።

«ባልሰበርኩት ይቅር አትበሉኝ» አልኩት።

በትክክል ያልሰማ መስሎት «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩለት። «እንግዲያው የትም አትዛወሪም» ብሎ በሩን በርግዶ ወጣ።

ኢቃማዬ ሊያበቃ ሦስት ሳምንት ነበር የቀረው። ጁምዓ ካራንቲና የአገር ልጆች ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው። ሁሉም ፈርሚ አሉኝ። ከአገር አብራኝ የመጣችው ሪሐና «ወረቀት ነው፣ ነገ ቅርጫት ይገባል፤ አንቺ ግን ያለ ኢቃማ ከቀረሽ ማን ያነሳሻል?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ለእኔ አዝና ነው። ፈራሁ እማዬ፣ አልዋሽሽም። አንዳንድ ቀን እጄን እየታጠብኩ «ብፈርምስ?» እላለሁ። ከዚያ ይቅር የተባለ ሰው ሆኖ መኖር ምን እንደሚመስል ትዝ ይለኝና እተወዋለሁ። እሱን እኔ አውቀዋለሁ፤ ሪሐና አታውቀውም።

ሁለት ሳምንት ጠብቄ ለሂንድ ራሴ ደወልኩላት። «ሳህኑን በዓይንሽ አይተሽ ፍረጂ፤ ከዚያ የፈለግሽውን በዪኝ» አልኳት። «ይዛችሁት ኑ» አለችኝ።

ዱዓ በራሷ መኪና መካ ወሰደችኝ። ሳህኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ ነበር። ባሕራን ስናልፍ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት፤ ዱዓ «ምን ሆንሽ?» ብትለኝ «ምንም» አልኳት።

አዲል ቀድሞን ደርሷል። እህቶቹ ሦስቱም ተቀምጠዋል። ሂንድ ለእኔም ሻይ አስቀረበችልኝና ወንድሟን «ተናገር» አለችው። ያንኑ ተናገረ። ዱዓ ሳህኑን ገልጣ ባትሪዋን አበራችና ስንጥቁ ውስጡ ቡኒ እንደሆነ አሳየቻቸው። «ዓመታት የጠጣው ቆሻሻ ነው፤ የአዲስ ስብራት ውስጡ ነጭ ነው» አለች። አዲል «ማጣበቂያው ነው ያጠቆረው» አላት። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ነገሩ ከእጄ ሊያመልጥ መሆኑ ገባኝ።

የሻይ ሲኒዬን ጭልጥ አደረግሁና ሂንድን «ይህን ልሰብረው ትፈቅጂልኛለሽ?» አልኳት።

ቀልድ መስሏት «ስበሪው» አለችኝ።

እብነ በረዱ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ መታሁት። ለሁለት ተከፈለ። ስባሪውን ከሳህኑ ስንጥቅ አጠገብ መብራቱ ሥር አስቀመጥኩት፤ የሲኒው ውስጥ እንደ ጨው ነጭ፣ የሳህኑ እንደ አፈር ቡኒ። «ይኼኛውን እኔ ሰበርኩት፤ ስድስታችንም አይተናል። ለዚህ ወረቀት አምጡልኝ፣ አሁን እፈርማለሁ» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ዝቅ አላደረግሁትም።

ሂንድ ሳህኑን ብዙ አየችው። ከዚያ ቀና ሳትል «አዲል፣ ያን ቀን ፒካፑን የነዳኸው አንተ አልነበርክም?» አለችው።

እሱ ግን ስልኩን አወጣ፣ ነካ ነካ አደረገ፤ የእኔ ስልክ ቦርሳዬ ውስጥ ጮኸ። የዝውውሩ መልእክት ነው። «ያላ፣ ሂጂ» አለኝ፣ ፊቴን ሳያይ። በሩ ላይ ስደርስ ሂንድ ተከትላኝ መጥታ እጄን ያዘችና «እናታችን ነግራሽ ነበር እንዴ?» አለችኝ። «እኔ የማውቀው እኔ እንዳልሰበርኩት ነው» አልኳት። አደራ አልበላሁም።

አሁን በግዳዲያ ሰፈር ባለው የሐራጅ ቤቱ መጋዘን ነው የምሠራው። ዱዓ ትጽፋለች፣ እኔ እዳስሳለሁ። ሳህኑም ስንጥቁ በካታሎጉ ላይ በግልጽ ተጽፎ ለሐራጅ ቀረበ። አንድ የመካ ሽማግሌ መጀመሪያ ስንጥቁን በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ተከተሉት፤ ከዚያ እጃቸውን አነሱ፣ ሌላው ተጫራች ሁሉ እስኪተው ድረስም አላወረዱትም።

እማዬ፣ ከዚህ በታች ያለውን ስታነቢ ብቻሽን ሁኚ።

የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት፣ አባባ ደሴ ሐኪም ቤት በተኛበት ሳምንት፣ እትዬ ሀጂራ ቤቷን ስታስለስን በአደራ እኛ ዘንድ ያስቀመጠችው የብር ድሪ ጠፋ። ጓሮ ጠርተሽኝ «አንቺ ልጅ ነሽ፣ ይረሳልሻል። አንገቴ ላይ አድርጌው ወንዝ ወርጄ ጠፋብኝ በያቸው» አልሽኝ። እንዳልሽኝ አልኩ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ አገሩ እያየ እትዬ ሀጂራ ይቅር አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቤቷ ስገባ ዓይኗ እጄን ይከተላል። ሊያገባኝ ሰው የላከው ልጅ ሌላ አገባ። እኔም በዓመቱ ጅዳ መጣሁ።

አባባ ያን ሳምንት መድኃኒቱን አግኝቶ ድኖ ወጣ፤ ስድስት ዓመት ኖረ። መድኃኒቱ በምን እንደተገዛ ያን ጊዜ አልጠየቅሁሽም፤ አሁንም አልጠይቅሽም። ስድስቱ ዓመት አይቆጨኝም፤ ዛሬም ቢሆን ለእሱ ከዚያ የበለጠ እሰጥ ነበር። የሚቆጨኝ ይቅርታው ነው። እሱን አልፈልገውም፤ ለእትዬ ሀጂራ ልመልስላት ነው።

ረመዳን ሳይገባ እመጣለሁ ኢንሻአላህ። በቀን፣ በገበያው መንገድ ነው የምገባው። ካንቺ ቤት ቀጥዬ እሷ ዘንድ እሄዳለሁ። «ድሪሽን እኔ አልወሰድኩም፣ ወንዝም አልወረድኩም» እላታለሁ። ማን ወሰደው ብትለኝ ከእኔ አፍ ስም አይወጣም፤ ብትለምኚኝም ብትቆጪኝም ግን ከመናገር አልቀርም። ከእኔ ቀድሞ ሊነግራት የሚፈልግ ሰው ካለ ሁለት ወር ጊዜ አለው። መንገዱም ሩቅ አይደለም፣ አጥር ብቻ ነው የሚለየን።

አላህ ሰፊ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥሽ፣ ልብሽን ያስፋልሽ፣ በሰላም ያገናኘን። ለአባባ ፋቲሓ ቅሪልኝ።

የማታፍርብሽ ልጅሽ