ከመደብሽ የወሰድሁት ጥሪ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፤ ደረጃ ስትወጪ ዛሬም ያጉረመርማል ወይስ እህቴ ያመጣችልሽ ቅባት ዝም አሰኘው? አዲሱን መነጽርሽን ታደርጊዋለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ለእንግዳ ብለሽ ከሳጥን አኑረሽዋል? ይህን ደብዳቤ ለማንበብ እንኳ አውጪው፤ ጽሕፈቴ ደቃቅ ነው። አጎቴስ ጨጓራው ተሻለው? ከሁሉ አብልጬ ግን የምጠይቀው ስለ ጉሮሮሽ ነው። ምክንያቱን ዝቅ ብለሽ ታገኚዋለሽና እስከዚያው ታገሺኝ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን በአካል ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፤ ያ ደረቴ ላይ የነበረው ሳልም ለቅቆኛል። ደህና ያልሆነው ሌላ ነገር ነው፤ የምጽፍልሽም ስለ እርሱ ነው።

በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። አንቺ ግን ስልክ ስታነሺ «ደህና ነን፣ ደህና ነን፣ ካርድሽን አትጨርሺ» ትዪና ትዘጊዋለሽ፤ ወሬው የሚመጣልሽ ከዘጋሽው በኋላ ነው። ደግሞም እንዲህ ያለውን ነገር ድምፅሽን እየሰማሁ መጨረስ አልችልም። በጽሑፍ ሲሆን ማንም አያቋርጠኝም፤ አንቺም ሳልጨርስ አትምሪኝም።

ባለፈው እሑድ እህቴ ደውላ ከመደብሽ ፊት የሆነውን ነገረችኝ። እንዳትነግረኝ አስጠንቅቀሻት እንደ ነበር አልደበቀችኝም። ጎረምሶች ብርጭቆ ሊገዙ መጥተው፣ አንቺ እንደ ወትሮሽ አንዱን አንሥተሽ በጥፍርሽ ነካ አድርገሽ «አንኳኩት፣ ስሙት፣ ወዳችሁ ውሰዱት» ስትዪ፣ አንደኛው «ማዘር፣ እርስዎም ማስታወቂያ ያያሉ እንዴ? የስፒከሯን ቃል ነጠቋት እኮ» ብሎ ጓደኞቹን አሳቃቸው አሉ። ጎረቤትሽ ባልዲ ሻጯ ከመደቧ ተነሥታ «አንተ፣ እሷ ይህን ስትጣራ እናትህ ገና አልታጨችም ነበር» ብላ ልትከተለው ስትል፣ «ተይው፣ ልጅ ነው» ብለሽ አስቀመጥሻት። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እንደማትጣሪ ሰማሁ። ደንበኛ ሲመጣ ዋጋውን ብቻ ትነግሪያለሽ፤ ብርጭቆውንም አታንኳኪም። እህቴ ይህን ነግራኝ ስታበቃ «ማስታወቂያው የእናንተ መሥሪያ ቤት ሥራ አይደል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ስብሰባ ልገባ ነው ብዬ ዘጋሁባት። ቀኑ እሑድ ነበር እማዬ። እሑድ ስብሰባ የለንም።

ጥሪሽን ለማስታወቂያው የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ሰው ስለ ሥራዬ ሲጠይቅሽ «ኮምፒውተር ነው የምትሠራው» እንደምትዪ አውቃለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አስረድቼሽ አላውቅም። ዛሬ ከሥሩ ልንገርሽ፤ ሥሩም ከመደብሽ በታች ነው። ብርጭቆ የምትጠቀልዪበትን የአሮጌ ጋዜጣ ክምር ጭኔ ላይ አስቀምጠሽ «አንብበሽ የጨረስሽውን አቀብዪኝ» ትዪኝ ነበር። ደንበኛ ሲበዛ ሳልጨርሰው ከእጄ ትመነትፊዋለሽ፤ የታሪኩ መጨረሻ ከሰው ብርጭቆ ጋር ይሄዳል። እኔም የተቆረጠውን ዓረፍተ ነገር ከራሴ አምጥቼ እሞላው ነበር። አጎቴ ይህን አይቶ «ይቺ ልጅ ወይ ደራሲ ወይ ውሸታም ትሆናለች» ያለው ትዝ ይልሻል? ደራሲ ባልሆን እንኳ ውሸታም ላለመሆን ብዙ ጥሬአለሁ።

ሥነ ጽሑፍ ተምሬ ስመረቅ ሥራ ያገኘሁት የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከሚያመርት ድርጅት ነው። የአጠቃቀም መመሪያ እጽፍ ነበር፤ ያንን ከካርቶኑ ሥር የሚገኘውን፣ ማንም ሳይገልጠው የሚጣለውን ትንሽ መጽሐፍ። እኔ ግን እያንዳንዱን ሐረግ እንደ ውል እመዝነው ነበር። አንድ ቀን የማርኬቲንግ ክፍሉ ስለ አንድ የእጅ ባትሪ «ፈጽሞ የማይሰበር» ብሎ መጻፉን አይቼ፣ ባትሪውን ከደረጃ ላይ ጣልሁትና ስብርባሪውን ለክፍሉ አለቃ ወሰድሁለት። ይህ ሰው ሌላው ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ሲጀምር «ኧረ ባጭሩ» ስለሚል ቅጽል ስሙም ይኸው ሆኖ ቀርቷል። ስብርባሪውን አየና «ኧረ ባጭሩ፣ ከነገ ጀምሮ እኔ ጋ ነሽ» አለኝ። የቴክኖሎጂ ዕቃ አስተዋዋቂ የሆንሁት እንዲህ ነው። ዛሬ የክፍሉ ምክትል ነኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሐሰት የሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አልጻፍሁም እያልሁ እኮራ ነበር።

አምና በጣት ሲያንኳኳት የምትበራ ትንሽ ስፒከር ሠራን። ዕቃዋ ጥሩ ነበረች፤ የምትጠራበት ቃል ግን ጠፋ። በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን፣ ነጩ ሰሌዳ በተሰረዘ ቃል ተሞልቶ፣ ሁሉም ሰው ደክሞት ሳለ ስፒከሯን በእጄ አገላብጥ ነበር። ሳላስበው በጥፍሬ ነካ አደረግኋት፤ በራች። አፌም ከእኔ ቀድሞ «አንኳኩት፣ ስሙት፣ ወዳችሁ ውሰዱት» አለ፤ በአንቺው ዜማ፣ መጨረሻው ላይ ከፍ በሚለው። ኧረ ባጭሩ እንኳ የሚያሳጥረው አጣ። «ከየት አመጣሽው?» አለኝ።

«ከእናቴ» ማለት አንድ ቃል ነበር። እኔ ግን «የገዢዎችን ባሕርይ ስከታተል የደረስሁበት ነው» አልሁ። ሐሰት ነው የሚለኝ የለም፤ ከመደብሽ ሥር ሆኜ ገዢ ስመለከት ነው ያደግሁት። በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይም ከፎቶግራፌ ሥር «በንግድ ከተሰማራ ቤተሰብ የተገኘች» የሚል ተጽፏል፤ የጻፍሁት እኔው ነኝ። ባልደረቦቼ ይህን አንብበው መጋዘንና የጭነት መኪና ያለን መስሏቸዋል። አንዷ «አስመጪዎች ናችሁ?» ስትለኝ «የብርጭቆ ዕቃ ላይ ነን» ብያት አለፍሁ። አየሽ፣ እያንዳንዱ ቃሌ ተመዝኖ እውነት ነው፤ ተሰብስቦ ሲታይ ግን ውሸት ነው። በአንቺ አፍሬ እንዳይመስልሽ ብዬ ልጽፍ ጀምሬ ነበር፤ ሰረዝሁት። በአንቺ አፍሬ ነበር። አሁን ዐንገቴን ያስደፋኝ ያ ማፈሬ ነው።

ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ቃሉን ያልሰማሁበት ቦታ የለም። አውቶቡስ ውስጥ፣ ፀጉር ቤት፣ ከሰው ስልክ ላይ እሰማዋለሁ፤ የአከራዬ ልጆች ደረጃው ላይ ይዘፍኑታል። በሰማሁት ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። አንቺ ዘንድ እንደሚደርስ ማሰብ ነበረብኝ፤ ዕቃችን ወዴት ወዴት እንደሚሸጥ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አላሰብሁም።

ያን እሑድ መልሼ ለእህቴ ደወልሁ። ስብሰባ እንዳልነበረኝ ነገርኋት፤ እርሷም «አውቄአለሁ» አለችኝ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጨመረችልኝ። ማስታወቂያውን መጀመሪያ የሰማሽ ዕለት ሥራ አቁመሽ «ልጄ ናት፤ የኔን ጥሪ ይዛ ሄዳ ኖሯል» ብለሽ ስቀሻል አሉ። ጎረምሶቹ በሳቁብሽ ቀንም ባልዲ ሻጯ ቃሉ ከየት እንደ ተወሰደ ለገበያው ሁሉ ልትናገር ስትል፣ «የልጄን እንጀራ እንዳታበላሺ» ብለሽ አፏን አስያዝሻት። ስድቡን የዋጥሽው ለእኔ ነው። ይህን ከሰማሁ በኋላ ዝም ማለት አልቻልሁም።

ሰኞ ጠዋት ኧረ ባጭሩ ቢሮ ገባሁ። «ቃሉ የእናቴ ነው፤ እናቴ ገበያ ውስጥ ብርጭቆ ትሸጣለች፤ ሳልወለድ ጀምሮ ስትጣራበት የኖረችው ነው። አሁን የእኛ የንግድ ምልክት ተብሎ ተመዝግቧል፤ እርሷ በገዛ ጥሪዋ ተሳቀባት» አልሁት። ያሰናብተኛል ብዬ ዕቃዬን በሐሳቤ ሸክፌ ነበር። እርሱ ግን ፊቱ በራ። «ኧረ ባጭሩ፣ ይህን ወርቅ እስካሁን ለምን ደበቅሽን? ካሜራ ይዘን እንሂድ እንጂ። እናትና ልጅ፣ መደቡ ላይ፣ ብርጭቆ እየተንኳኳ» አለና ሌሎቹን ጠራቸው። ሰምተው አጨበጨቡ። አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚያሳፍረኝን ልንገርሽ፤ እነርሱ ሲያጨበጭቡ እኔ ፀሐይዋ ከብርጭቆዎችሽ ጀርባ ብትሆን ምስሉ እንዴት እንደሚያምር አስብ ነበር። ሻርፕሽን እንኳ መርጬልሽ ነበር፤ አረንጓዴውን።

ወደ ቦታዬ ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ብርጭቆ ታየኝ፤ ከቤት ስወጣ የሰጠሽኝ። አዲስ ዕቃ በገባ ቁጥር አንድ በአንድ ታንኳኪና የማይዘምረውን ለብቻው ታስቀምጪ ነበር። ገዢ «ምንም አልሆነም እኮ፣ ስጪኝ» ሲልሽ «ዓይን ያላየውን ስንጥቅ ጆሮ ያገኘዋል» ብለሽ ትከለክዪዋለሽ። ይህንንም «ውሃ ባይዝ እስክሪብቶ ይይዛል» ብለሽ ነበር ለእኔ ያደረግሽው። እስክሪብቶዎቹን አወጣሁና በጥፍሬ ነካሁት። አልዘመረም፤ የታፈነ ድምፅ ብቻ ሰጠ። ሲያዩት እንከን አይወጣለትም፤ ከፎቶግራፌ ሥር እንዳለው ጽሑፍ።

ተመልሼ ሄጄ ካሜራው እንደማይመጣ ነገርኋቸው። ያለ ፈቃድሽ አንድ ሰው መደብሽ ዘንድ ቢደርስ ሥራዬን እንደምለቅም ተናገርሁ። ኧረ ባጭሩ ተቀየመኝ፤ ሰላምታችን ዛሬም ቀዝቃዛ ነው። ከፎቶግራፌ ሥር ግን አሁን «እናቷ ገበያ ውስጥ ብርጭቆ ትሸጣለች፤ ‹አንኳኩት፣ ስሙት› የእርሷ ጥሪ ነው» ይላል። የድርጅቱ የሕግ ባለሙያ ምዝገባውን ለመሰረዝ እሺ አላለኝም። የተቻለኝ ማንም ገበያተኛ ይህን ቃል ስለ ተጣራበት እንደማይከሰስ ማስፈረም ብቻ ነው። ግማሽ ነው፤ ሙሉ ነው ብዬ አልሸጥልሽም።

ይቅር ብዬሻለሁ ብለሽ እንድትልኪልኝ አልጠይቅም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ገበያው ሲደምቅ፣ ለእህቴ እደውላለሁ። ስልኩን ከፍታ መደብሽ ጥግ ታስቀምጠው። እኔ አልናገርም። ብትጣሪ እሰማሻለሁ። ዝም ብትዪም እሰማዋለሁ፤ ያን ጊዜ ፈቃድ ወስጄ እመጣና እስክትጀምሪ ድረስ ከጎንሽ ቆሜ እኔው እጣራለሁ። ድምፄ ቀጭን ነው፤ ጎረምሶቹ መሳቃቸው አይቀርም። ይሳቁ።

ለእህቴ በእሑዱ ስብሰባ ምክንያት የገባሁባትን ዕዳ በአካል ስመጣ እንደምከፍላት ንገሪልኝ፤ ጉንጯን ሳሚልኝ። አጎቴን ጉልበቱን ሳሚልኝና ትንቢቱ በግማሽ መድረሱን፣ የትኛው ግማሽ እንደ ሆነም እርሱ እንደሚያውቀው ንገሪው። ለባልዲ ሻጯ የከበረ ሰላምታ አቅርቢልኝ። በዚያ ልጅ ላይ የጀመረችውን ስድብ ስላስቋረጥሻት፣ ቀሪውን በእኔ ላይ ትጨርሰው፤ ባለቤቱ እኔ ነኝ።

ቅዳሜን የምትጠብቅ ልጅሽ

ከተከራየሁት ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር
ረቡዕ፣ የካቲት ፱ ቀን