ስለ በሩ ብረት ቅዝቃዜና ስለታገደው ጥበቃ

ለተከበሩት የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ በተለይም ለወገብዎ ደህንነትን እመኛለሁ። ባለፈው ቅዳሜ በሕዝባዊው የፊዚክስ ንግግር ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ በዚያ ለስላሳ ወንበር ሰምጠው ሲቀመጡ ከውጭ ቆሜ በመስኮት ስላየሁዎት፣ እንዴት ተነሥተው ይሆን እያልኩ አሳብ ገብቶኛል።

እኔ ሞተር ጠምጣሚ ነኝ፤ የተቃጠለ የወፍጮና የውሃ ፓምፕ ሞተር ፈትቼ ሽቦውን እንደ አዲስ እጠመጥማለሁ። ታላቅ እህቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ ስታስተምር ተማሪዎቿ «እትዬ ለምን» ይሏት ነበር። ልጅ አልነበራትምና ቤቷን ለዩኒቨርሲቲዎ አወረሰች፤ በምትኩ የጠየቀችው በዓመት አንድ ቀን ለሕዝብ ክፍት የሆነ የፊዚክስ ንግግር እንዲደረግ ብቻ ነው። በውሉም ላይ አንድ ነገር አስጽፋለች፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚጠይቀው የዩኒቨርሲቲው ተማሪም ሠራተኛም ያልሆነ ሰው ይሁን፣ ይህ አንድ ዓመት እንኳ ከቀረ ቤቱ ለቤተሰቧ ይመለስ የሚል። ይህን የምደግመው ለአንባቢ ብዬ እንጂ እርስዎ ይረሱታል ብዬ አይደለም፤ እንግዶችዎን የሚያሳርፉበት ያው ቤት ነውና።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

፩ኛ. መግቢያውን በጥሪ ካርድ ስላደረጉት አመሰግናለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሁለተኛው ረድፍ ላይ እየተቀመጥኩ ወንበር ሳጣብብ ኖሬአለሁ። በር ላይ የመለሰችኝ ልጅ ትሕትናዋ ልዩ ነበር፤ ዝግጅቱ የሕዝብ ስለሆነ ሕዝብ እንዳይጨናነቅበት ሕዝብ አይገባም ተብሏል ብላ በፈገግታ አስረዳችኝ። ደግነቱ መስኮቱ ክፍት ነበር።

፪ኛ. የሕዝብ ግንኙነት ክፍልዎን ብልሃት አደንቃለሁ። ሕዝቡን መልሰው ሲያበቁ ውሉ ትዝ አላቸው፤ የከተማ ሰው ከየት ይምጣ? ስለዚህ የዋናውን በር ጥበቃ ጠርተው፣ ዩኒፎርሙን አስወልቀው፣ የሾፌርዎን ኮት አልብሰው፣ «የከተማችን ነዋሪ» ብለው ማይክና ወረቀት አስያዙት። ይህ ሰው ጎረቤቴ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ያንን በር ሲከፍትና ሲዘጋ የታዘዘውን አጉድሎ አያውቅም። ወረቀቱ ላይ ያለውን ሁሉ አንብብ ተባለ፤ ሁሉንም አነበበ፦ «ዩኒቨርሲቲያችን ለሳይንስ ያበረከተውን ታላቅ አስተዋጽኦ እንዴት ያዩታል? እዚህ ላይ ፈገግ በል። ወደ ካሜራው ዙር።» ከዚያም እንደተጻፈው ዞረ። አዳራሹ ሲስቅ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት፤ አንጀቴን በላው።

፫ኛ. ከዚህ በኋላ የሆነው የእርስዎ ዕቅድ ስላልነበረ ለእሱ አላመሰግንዎትም። ጎረቤቴ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ «ጠዋት በሩን ስከፍት ብረቱ እጄን በብርድ ይጠብሰኛል፣ የእንጨቱ እጀታ ግን ምንም አይለኝም፣ ሁለቱም ውጭ ነው ያደሩት፣ ታዲያ ለምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ንግግር አቅራቢዋ ከመድረኩ ወርዳ የወንበሩን ብረትና እንጨት በተራ አስነካችው። ቅዝቃዜያቸው እኩል ነው፣ ብረቱ ግን የእጅህን ሙቀት ቶሎ ስለሚወስድብህ ነው አለችው። ወዲያው አዳራሹ በሙሉ፣ ያ ሁሉ ባለ ከረባት፣ ወንበሩን ይዳስስ ጀመር። እኔም የመስኮቱን ብረት ይዤ አለቀስኩ፤ እህቴ ቤቷን የሰጠችው ለዚህች ደቂቃ ነበርና። እርስዎ ሰዓትዎን ያዩ ነበር።

፬ኛ. ሰኞ ጠዋት የእገዳ ደብዳቤ ደረሰው፤ ጥፋቱ «ከተሰጠው ጽሑፍ ውጭ መጠየቅ» ይላል። ይሰናበት እንደሆነ የዲሲፕሊን ኮሚቴዎ ሐሙስ በሦስት ሰዓት ይወስናል። ባለቤቱ ዩኒፎርሙን አጥባ ተኩሳ ከቤታቸው በር ጀርባ ሰቅላዋለች፤ እሱም በለመደው ሰዓት እየተነሣ ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። ትንሿ ልጁ «ጋሼ፣ ጥያቄ መጠየቅ ያስቀጣል እንዴ?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ክቡር ሆይ፣ ቀልዱ ይቅርና ተናድጃለሁ። የሰው እንጀራ ነው። ያንን ወረቀት የጻፈው ሰው ዛሬም ቢሮው ገብቶ ሻይ እየጠጣ ነው፤ ያነበበው ግን ቤቱ ተቀምጧል። ሥራውን ይመልሱለት።

በመስኮት ሲያዳምጥ አንገቱ ቢጣመምም አክብሮቱ ቀጥ ብሎ የቀረ፣
የእትዬ ለምን ታናሽ ወንድም፣
ሞተር ጠምጣሚው

ግልባጭ፦
ለዲሲፕሊን ኮሚቴው
ለሕዝብ ግንኙነት ክፍል (እዚህ ላይ ፈገግ ይበሉ)

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ኮሚቴው ከመቀመጡ በፊት አንዲት ነገር ይመልሱልኝ። ያ ሰው ቅዳሜ ዕለት የእርስዎ ሠራተኛ ነበር ወይስ አልነበረም? ካልነበረ፣ የከተማውን ነዋሪ በምን ሥልጣን ይቀጡታል? ከነበረ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ሠራተኛዎ ጠይቋልና ውሉ ፈርሷል፤ ማኅተምዎ ያረፈበት ዋናው ቅጂ እኔ ጋ ነው። ሐሙስ በሦስት ሰዓት እመጣለሁ። ጎረቤቴን በሩ ላይ ካገኘሁት ሰላም ብዬው እመለሳለሁ፤ ካጣሁት የእህቴን ቤት ቁልፍ እረከባለሁ። ሲሰጡኝ ብረቱ እጅዎን ቢያቀዘቅዘው፣ ምክንያቱን ጥበቃው ያስረዳዎታል።